ስለ ደብረ ታቦር አየርና ስለ ጢሱ ልክ

በ1858 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌና በቆራጣ ሰፍረው ሳሉ፣ የኮሌራ በሽታ በሠራዊቱ መካከል ገብቶ ሰዉን መፍጀት በጀመረ ጊዜ፣ በንጉሡ እጅ ከነበሩት የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኞች አንዱ የሆነው ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ሰፈሩ ከሐይቁ ዳር ተነቅሎ ወደ በጌምድር ደጋ እንዲወጣ መከረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ወደ ደብረ ታቦር ወጡ። የዘመኑ ሕክምና አብዝቶ ያስተምር የነበረው፣ ረግረግና ብስባሽ ካለበት ስፍራ የሚነሣ ክፉ አየር የወረርሽኝ ምንጭ እንደሆነ፣ ከፍ ያለና ነፋስ የሚያናፍሰው አገር ግን የጤና ማረፊያ እንደሆነ ነበር። የእኛም ባላገር ንዳድ ይዞት የተመለሰውን ሰው የቆላ አየር መታው ይል ስለነበር፣ የፈረንጁ ሊቅና የደጋው ገበሬ በዚህ ነገር ተስማምተው ይኖሩ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ በ1884 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ የኮሌራ ምክንያት በተበከለ ውሃ የሚተላለፍ ረቂቅ ተሕዋስ መሆኑን ሲያስረዳ፣ በ1897 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሮናልድ ሮስ የንዳድን ነገር ወደ ትንኝ ሲያመለክት፣ አየር ባልሠራው ኃጢአት ብዙ ዘመን ሲከሰስ ኖሮ ነጻ ወጣ። የሚያሳዝነው ነገር፣ አየር በሐሰት ሲከሰስ በኖረበት በዚያው ዘመን ሁሉ፣ በእውነት በሚያደርሰው ጉዳት የሚጠይቀው ሰው አለመኖሩ ነው፤ ምክንያቱም ክሱ የቀረበው በውጭው፣ በሐይቁና በቆላው አየር ላይ ሲሆን፣ ሰውን የሚጎዳው አየር በዚያ በተመሰገነው ደጋ ላይ በየጎጆው ውስጥ፣ ከጉልቻው በላይና ከክዳኑ በታች ተቀምጦ ነበር።

ደብረ ታቦር በራስ ጉግሣ ዘመን የተቆረቆረች፣ ከየጁ መሳፍንት እስከ ዐፄ ቴዎድሮስና እስከ ዐፄ ዮሐንስ ድረስ የነገሥታትና የመኳንንት መቀመጫ የነበረች፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጉና ተራራ አቅራቢያ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሚያልፍ፣ ከእርሱ ጫፍ የሚወርደው ነፋስ ቀኑን ሙሉ የፋርጣንና የጋይንትን ሜዳ ሲጠርገው ይውላል፤ በመስኩ ላይ የቆመ ሰው ከዚህ የጠራ አየር የለም ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ያው የነፋሱ ብርድ ነው ሰዉን ወደ ቤት የሚያስገባው፣ በሩን የሚያስዘጋው፣ እሳቱንም ከማለዳ እስከ መኝታ ሰዓት እንዳይጠፋ የሚያደርገው።

የዚህ አገር ጢስ ታሪክ ሲነገር መጀመሪያ የሚታወሰው የጋፋት ጢስ ነው። ከከተማይቱ ብዙም በማይርቀው በዚህ ኮረብታ ላይ፣ በባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የወንጌል ትምህርት ቤት የመጡት እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ሌሎች አውሮፓውያን የእጅ ጥበብ ሰዎች፣ ከአገሩ ተወላጅ ሠራተኞች ጋር ሆነው፣ ንጉሡ እንዳዘዟቸው እቶን ሠርተው መድፍ ያቀልጡ ነበር። በ1859 ዓ.ም. የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ 7 ቶን ያህል የሚመዝን ነበርና፣ ይህን የሚያህል ናስ አቅልጦ በአንድ ጊዜ በሸክላው ቅርጽ ውስጥ ለማፍሰስ ምን ያህል ከሰል እንደነደደ፣ ለከሰሉም ምን ያህል ዛፍ እንደወደቀ የሚያስብ ሰው፣ የኮረብታው ሰማይ በዚያ ሰሞን ምን እንደመሰለ በልቡ ሊሥለው ይችላል። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲሄዱ የጋፋት እሳት ጠፋ። ስለ ጋፋት ብዙ ተጽፏል፤ ነገር ግን የእቶኑ ጢስ የጥቂት ዓመታትና የጥቂት ወንዶች ጢስ ሲሆን፣ ከዚያ በፊትም በኋላም ሳያቋርጥ የጨሰው የማድ ቤቱ ጢስ ግን የሁሉም ሴት ጢስ ስለሆነ፣ ታሪክ ጸሓፊ ሳያገኝ መቅረቱ የሚገባ አይደለም።

በደቡብ ጎንደር ገጠር አሮጌ ጎጆ ገብቶ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው፣ ማገሩና ወጋግራው የመጀመሪያ መልኩ ጠፍቶ፣ እንደተቀባ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቅባት ለብሶ፣ ከክዳኑም ላይ ጥቀርሻው ተንጠልጥሎ ወርዶ፣ በሩ ሲከፈት በነፋሱ ሲወዛወዝ ያገኘዋል። ባለቤቱ ይህን እንደ ጉድፍ አይቆጥረውም፤ ጢሱ ሣሩን ከመበስበስ፣ እንጨቱን ከምስጥና ከነቀዝ ይጠብቅለታልና፣ ለዘር የተመረጠውንም በቆሎ ከምድጃው በላይ ያንጠለጥለዋል። ይህ ትክክል ነው። ጢሱ በእንጨቱ ላይ የሚለብጠው ነገር ለተባይ መርዝ ነው፤ በዚያው ቤት የሚተነፍሰው ሰው ሳንባ ግን ከዚህ የሚድንበት ምክንያት የለውም።

የሚነደው ነገር ከዘመን ዘመን ተለውጧል። በዚህ ደጋ ላይ ወይራና ጽድ በብዛት በነበረበት ጊዜ ባላገሩ የደረቀ እንጨት ለመምረጥ ይችል ነበር፤ ዛሬ የቀድሞው ደን የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥና እንደ አለም ሳጋ ባሉ ጥብቅ ስፍራዎች ብቻ ነው። እንጨቱ ሲያልቅ ለእርሻው ፍግ ሊሆን ይገባው የነበረው የከብት እበት ተለንቅጦና ደርቆ ኩበት ሆነ፤ ቀጥሎም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ባሕር ዛፍ በየጓሮው በቀለ። ኩበት ነበልባሉ አነስተኛ፣ ጢሱ ብዙና የሚከረፋ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ለእሳት ማቀጣጠያ ሲማገድ ደግሞ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው የሚታጠንበት ያው ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። በሐምሌና በነሐሴ እንጨቱ ርጥብ፣ በሩ ዝግ ሲሆን፣ እሳቱ ከመንደድ ይልቅ ይጨሳል፤ ከሁሉ የከፋውም ጢስ ይኸው ነበልባል ያላገኘው ጢስ ነው። በዚህ ላይ ሴቲቱ ምጣዱን ለማሰስ የጎመን ዘር ስትበትንበትና በማሰሻው ስታዳርሰው፣ ከጋለው ሸክላ የሚነሣው ስለታም ሽታ ዐይኗን ያስለቅሳታል፤ ይህን የሚያደርገው ቅባት ከልክ በላይ ሲሞቅ የሚወለድ አክሮሊን የሚባል ነገር ነው።

ሕዝቡ ግን ጢስን ሁሉ በአንድ ዐይን አይቶ አያውቅም፤ አፍንጫውን ሚዛን አድርጎ ሲመዝነው ኖሯል። ለጠላ የሚሆነው ጋን በወይራ ይታጠናል፤ በሌላ እንጨት ቢታጠን ጠላው ሲቀመስ ይታወቃል። የወተቱም ዕቃ እንዲሁ ነው። በወይራው ጢስ ውስጥ ያለውና ለጠላው ያንን ጣዕም የሚሰጠው ጓያኮልና ሲሪንጎል ከእንጨቱ ሥጋ በእሳት ኃይል የሚፈቱ ውሕዶች ሲሆኑ፣ እናቶቻችን ስማቸውን ሳያውቁ ግብራቸውን ለይተው ያውቁ ነበር። ከመተማና ከቋራ ቆላ ወደ ደጋው ገበያ የሚወጣው ዕጣን ደግሞ ለሌላ ክብር የተለየ ነው፤ በኪዳንና በቅዳሴ ሰዓት ካህኑ በጽና እሳት ላይ ሲያሳርገው መዓዛው መቅደሱንና ቅኔ ማሕሌቱን ይመላዋል፤ በዚህ ዕጣን ዘይት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ በዝቶ የሚገኘው ኦክቲል አሲቴት የተባለው ተናኝ ውሕድ ነው።

ከጥቀርሻውም ቢሆን መልካም ነገር ወጥቷል። በዚሁ አገር፣ በድጓ ምስክርነት ስሟ በገነነው በጋይንት ቤተልሔምና ዝማሬ መዋሥዕት በሚመሰከርባት በዙር አምባ፣ እንዲሁም በየደብሩና በየገዳሙ፣ ቁም ጸሓፊዎች ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት ከድስትና ከምጣድ ሥር የተፋቀውን ጥቀርሻ ከሌላ ቅመም ጋር አዋሕደው፣ ወራት እስኪቆይ ድረስ አሽተውና አብላልተው ነበር። ስለዚህ በብራና ላይ ጸንቶ እስከ ዛሬ የሚነበበው ጸሊም ፊደል በአንድ ወገን ከአንዲት ስሟ ካልተጻፈ ሴት ምድጃ የወጣ ነው። የጢሱ ጠጣር ክፍል በዚህ ዐይነት በማገር ላይና በመጽሐፍ ላይ ተቀምጦ ሲገኝ፣ የማይታየውና ተኖ የሄደው ክፍል ግን ምንም ምልክት አልተወም፤ ሳይንስም እርሱን ለመያዝ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል።

የቤት አየር በልክ ሊመረመር እንደሚቻል ቀድመው ካሳዩት አንዱ የሙኒኩ ሊቅ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር ሲሆን፣ በ1858 እ.ኤ.አ. ሰው በተሰበሰበበት ክፍል ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ለክቶ፣ ከሺህ አንድ እጅ ካለፈ አየሩ ለሰው አይስማማም ብሎ ወሰነ። ይህም በእኛ አቆጣጠር 1850 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያው ምዕት ዓመት የሚተኑት የካርቦን ውሕዶች ስም በስም መታወቅ ጀመሩ። ማይክል ፋራዴይ በ1825 እ.ኤ.አ. ለመብራት ከሚሆን ጋዝ ዝቃጭ ውስጥ ቤንዝንን ለየ፤ ከስምንት ዓመት በኋላ አይልሃርት ሚቸርሊኽ ያንኑ ፈሳሽ ጃዊ ከሚባለው የዕጣን ዐይነት ከሚገኝ አሲድ አጣርቶ አወጣው፤ የጋፋት እቶን ገና ሳይጠፋ፣ በ1865 እ.ኤ.አ. አውጉስት ኬኩሌ ስድስቱ የካርቦን አተሞች በቀለበት ተያይዘው እንደሚቆሙ አስተማረ። ይህ ቤንዝን በመኪናው ነዳጅ ውስጥም፣ በማገዶውም ጢስ ውስጥ አለ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ያለ ጥርጥር ካንሰር ከሚያመጡት መካከል መድቦታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም የሚባል ልክ የለውም ይላል።

የአፍንጫ ሚዛንነት የሚያበቃውም በዚህ ስፍራ ነው። የአውሮፓ ሕግ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ በዓመት በአማካይ ከ5 ማይክሮግራም በላይ ቤንዝን እንዳይኖር ሲከለክል፣ የሰው አፍንጫ ሽታውን ለይቶ የሚያውቀው ግን ልኩ ከዚህ አንድ ሺህ እጥፍ ገደማ ሲደርስ ወይም ሲያልፍ ነው። ወይራን ከኩበት ለይታ የማትሳሳተው ባልቴት፣ ቤንዝኑን በዚህ መካከል ባለው ልክ ዕድሜዋን ሙሉ ስትተነፍሰው ብትኖር ልታውቀው አትችልም። የሚያውቀው መሣሪያ ብቻ ነው።

የዚህ መሣሪያ ትውልድ ከአትክልት ቀለም ይጀምራል። ሩሲያዊው ሚኻኢል ጽቬት በሃያኛው ምዕት ዓመት መባቻ የቅጠልን ፈሳሽ በኖራ ዱቄት በተሞላ የመስተዋት ቱቦ ውስጥ አሳልፎ፣ ቀለማቱ በየደረጃቸው ተለያይተው ሲቆሙ አሳየ። በ1952 እ.ኤ.አ. እንግሊዛውያኑ አንቶኒ ጄምስና አርቸር ማርቲን በፈሳሽ ፈንታ ጋዝን መንገደኛ አድርገው ጋዝ ክሮማቶግራፊ የተባለውን ጥበብ ሲያወጡ፣ የሚተኑ ነገሮችን መለየት ተቻለ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ማርሴል ጎሌ ቱቦውን እጅግ አቅጥኖና አርዝሞ ፍጹም አደረገው።

ሥራው ሲሠራ እንዲህ ነው። አንዲት ትንሽ የባትሪ ፓምፕ የቤቱን አየር በዝግታ፣ በደቂቃ ከመቶ ሚሊ ሊትር እምብዛም በማይርቅ ልክ እየሳበች፣ ቴናክስ የሚባል ቀዳዳማ ፖሊመር በታጨቀበት የጣት ውፍረት እንኳ በሌለው የብረት ቱቦ ውስጥ ታሳልፈዋለች፤ አየሩ ያልፋል፣ ተናኞቹ ውሕዶች ግን እዚያው ተይዘው ይቀራሉ። በዚህ ፈንታ ከሰል የተሞላ ቱቦ ሊደረግ ይችላል፤ ነገር ግን ወጥ በሚፈላበትና እንጀራ በሚተንበት ቤት ከሰሉ እርጥበቱንም ጭምር ስለሚስብ፣ ለእኛ ማድ ቤት ውሃ የማይወደው ቴናክስ ይሻላል። ቱቦው ወደ ቤተ ሙከራ ሲደርስ ከ250 ዲግሪ በላይ እንዲግል ይደረጋል፤ የተያዙት ውሕዶች እንደገና ተነው፣ በሄሊየም ጋዝ እየተነዱ፣ 30 ሜትር ወይም 60 ሜትር ርዝመት፣ የሚሊ ሜትር ሩብ ውስጠ ስፋት ባለው፣ በምድጃ ውስጥ በተጠቀለለ የሲሊካ ቱቦ ውስጥ ጉዞ ይጀምራሉ። ከፋርጣ ቀበሌዎች ወደ ደብረ ታቦር ገበያ በአንድ ሰዓት የተነሡ ሰዎች፣ በየመንገዱ ዘመድ የበዛበት እየዘገየ፣ ዘመድ የሌለው እየቀደመ ተራ በተራ እንደሚገቡ፣ ውሕዶቹም ከቱቦው ግድግዳ ልባጭ ጋር ባላቸው መዋደድ መጠን ቀድመው ወይም ዘግይተው ይወጣሉ። በመውጫው የተቀመጠው ማስ ስፔክትሮሜትር በኤሌክትሮን እየመታ ይሰባብራቸውና የስባሪውን ክብደት ያነባል፤ ቤንዝን በ78፣ ቶሉዊን በ91 ይታወቃል። ለፎርማልዲሃይድ መንገዱ ሌላ ነው፤ እርሱ ዲኤንፒኤች የተባለ ኬሚካል በተቀባ መያዣ ተይዞ በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ይለካል። የምጣዱ አክሮሊን ግን በዚህ መያዣ ላይ ስለማይረጋ፣ ሴቲቱን የሚያስለቅሳት ነገር በተመራማሪውም እጅ ቶሎ የማይገባ ሆኖ ተገኝቷል።

በደብረ ታቦር የሚለካ ሰው ሊዘነጋው የማይገባ አንድ ነገር አለ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 72 ከመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ሊትር ውስጥ የሚገኘው አየር በዚያው መጠን ያነሰ ነው። ከቢሊዮን እጅ አንድ እጅ ቤንዝን በባሕር ዳርቻ፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ በሜትር ኩብ 3.2 ማይክሮግራም ያህል ሲሆን፣ በደብረ ታቦር ግን 2.3 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ፓምፑ እዚያው ደጋው ላይ ካልተስተካከለ፣ ግፊቱና ሙቀቱም በየቀኑ ካልተመዘገበ፣ ከሌላ አገር አኀዝ ጋር ማነጻጸር ሐሰትን ያስከትላል።

በአገራችን ይህ ጥናት ተጀምሯል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተመራማሪዎች እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓትና በመኖሪያ ክፍሎች ውስጥ የተናኝ ውሕዶችን ጠቅላላ ልክ ለክተዋል፤ በጎጃም በሜጫ ደግሞ የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ለብዙ ቤተሰብ ታድሎ የጥቃቅን ብናኙ ልክና የሕፃናቱ ጤና ተመርምሯል። ሁለቱም የሚያስመሰግኑ ናቸው። ጠቅላላው ልክ ግን የወይራውን መዓዛና ቤንዝኑን በአንድ ቁጥር ደምሮ ስለሚያቀርብ፣ የትኛው ውሕድ በምን ያህል እንዳለ ለማወቅ በክሮማቶግራፍ መለየት የግድ ነው። ብናኝ መለካት ቀላልና ርካሽ ስለሆነ በያለበት ይለካል፤ ተናኙ ግን ከተማ ካለው ውድ መሣሪያ ስለማይለይ፣ የሚበዛውን ጢስ የሚተነፍሰው የገጠሩ ቤት ወደ ኋላ ይቀራል። ቱቦው ጫፍና ጫፉ በናስ ክዳን ታሽጎ፣ በበረዶ ሣጥን ቀዝቅዞ፣ በባሕር ዳር በኩል ወደ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መመርመር አለበት። ይህ ከባድ ነው፤ የማይቻል ግን አይደለም፤ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ያላት ደብረ ታቦርም መሣሪያውን ራሷ እንድታገኝ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

የአየሩን ናሙና ለቃሚው ወደ ቤቱ በሚሄድበት ጊዜ ቱቦውን የት እንደሚሰቅል አስቀድሞ ይወስን። የቆመ ወንድ አፍንጫ ካለበት ቁመት ላይ የተሰቀለ ቱቦ የሚያነበው፣ ጢሱ በክዳኑ ሥር ተጠራቅሞ ደመና የሠራበትን አየር ነው። ሴቲቱ ግን በዱካዋ ላይ ዝቅ ብላ፣ እፍ ስትል ፊቷን ወደ እሳቱ አቅርባ፣ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ነው የምትጋግረው፤ ስለዚህ አንዱ ቱቦ ከነጠላዋ ጥለት ላይ ከአንገቷ ሥር፣ ሁለተኛው በታዘለው ሕፃን አፍ አጠገብ፣ ሦስተኛው ከደጅ በነፋሱ በኩል ይሁን፤ አራተኛው ተከፍቶ ወዲያው የተዘጋ፣ አየር ያልተሳበበት ባዶ ቱቦ ሆኖ፣ በመንገድና በእጅ የገባውን እድፍ ከሒሳቡ ለመቀነስ ከሌሎቹ ጋር ይመለስ።